መርፌውን መልሶ ላስቀመጠው የሲቲ ስካን ባለሙያ

እማዬን ሆዷን ሲቲ ስካን ላስነሳት የወሰድኳት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ያነሳት ባለሙያ ስሜን አትጥቀሺ ስላለኝ አልጠቅስም። ምስጋናዬን ግን በሰው ፊት ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

ክንዷ ላይ መርፌ ማስገቢያው ተሰክቷል፣ ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ስር የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኮንትራስቱም ተዘጋጅቷል። እሱ ግን ጭኗ ላይ ያለችውን የመድኃኒት ፌስታል አየና "እማማ፣ እስቲ ልያት" አላት። ከስኳር መድኃኒቷ ከሜትፎርሚኑ ሥር ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ወጣ።

"ይሄን በየቀኑ ይወስዱታል?"

"አዎ ልጄ፣ ጉልበቴ አላስኬደኝ ብሎ።"

ወደ እኔ ዞሮ የቅርብ የክሬቲኒን ውጤት ጠየቀኝ፤ ከፍ ሲል ኩላሊት መድከሙን የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው። የለንም፤ ያዘዘንም ሰው አልጠየቀንም። መርፌውን መልሶ አስቀመጠው።

ወረፋው ረጅም ሆኖ ሳለ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ኩላሊት ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ያገኛል፣ ግን አብዛኛው በውጪኛው ክፍሉ ስለሚያልፍ ውስጠኛው ክፍል ድሮም ቢሆን ኦክስጅን የሚያገኘው እንደ ነገሩ ነው። አዮዲን ያለው ኮንትራስት ሲገባ የኩላሊት ደም ስሮች ለአፍታ ሰፋ ብለው ከዚያ ይጠባሉ። መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፈውንም ሽንት ያወፍረዋል። ዲክሎፌናክ ደግሞ ደም ስሮቹን ከፍቶ የሚይዘውን ነገር ይቀንሳል። የእኔ እናት ስኳር አለባት፣ በዚያ ላይ ጠዋት ውሃ እንኳን አልቀመሰችም ነበር። ይሄ ሁሉ አንድ ላይ!

ክሬቲኒኗ 1.9 ሆኖ መጣ። የኩላሊቷ የማጣራት አቅም 29 ነው፤ ከ30 በታች ሲሆን በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እሱ ራሱ ሐኪሟ ጋ ደወለ። ምርመራው አስቸኳይ ስላልነበረ በሳምንት ተራዘመ፣ ዲክሎፌናኩም ሜትፎርሚኑም ቆሙ። በሳምንቱ ክሬቲኒኗ ወደ 1.5 ወርዶ ነበር። ከምርመራው በፊትና በኋላ ኖርማል ሳላይን (በደም ስር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ተሰቀለላት፣ ኮንትራስቱም በዝቅተኛ መጠን ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ደግመን አየነው፣ ያው 1.5። እዚያው ላብራቶሪው በር ላይ አለቀስኩ።

ኮንትራስት ፍሩ እያልኩ አይደለም። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ብዙም የሚያሰጋው ነገር የለም፣ ሐኪም ካዘዘ ተነሱ። ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ክሬቲኒን ይታይ በሉ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ግቡ፣ የማስታገሻውንም ጭምር።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ባለሙያው ጠዋት ጠዋት ነው የሚገባው።