ወገቤን ይዤ ኮዬ ፈጬ

ቦሌ ሻንጣ ስጠብቅ ነው የጀመረኝ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የመጀመሪያውን በሰላም አወረድኩ። ሁለተኛው ላይ ወገቤ ቀጭ አለ።

ወገቤ አዲስ በሽተኛ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ፤ ህመሙ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከ12 ሰዓት በላይ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ መጥቶ ወዲያው ሻንጣ ማንሳት ግን የራሴ ጅልነት ነው።

ያረፍኩት እህቴ ጋ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የጄሪካን ሰልፍ አለ። ጄሪካኑን እንዳልነካ ተከለከልኩ፤ ደረጃውን ግን ማን ይውጣልኝ?

እናቴ «ወጌሻው ይምጣና በቅቤ አሸት አሸት ያድርግህ» አለች። እህቴ ደግሞ ከፋርማሲ ሰፊ የወገብ ቀበቶ ገዝታ መጣች። ሁለቱንም በዘዴ አለፍኳቸው። ወጌሻ ንቄ አይደለም፤ ልጅ ሆኜ ኳስ ስጫወት የወለቀ ጣቴን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ወገብ ግን ጣት አይደለም። ቀበቶውን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም አይመክረውም። ማሳጅና የመርፌ ህክምና (መድኃኒት የሌለው ቀጭን መርፌ ሰውነት ላይ የሚሰካበት አኩፓንክቸር) ግን እዚያው መመሪያ ላይ ከሚመከሩት ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ሁለቱንም ልሞክር ብዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ ማሳጅ ቤት ገባሁ። ንጹሕ ነው፣ ፎጣው ሞቅ ብሎ ነው የሚመጣው። በስፒከር የዝናብ ድምፅ ይለቃሉ። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ብረት ብየዳ ቤት አለ። ዝናቡ ዘነብ፣ ግራይንደሩ ጢዝዝ!

ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ጠንከር ይበል ለስለስ?»

ጉራ አይለቅ፣ «ጠንከር» አልኩ። በክርኗ አከርካሪዬ አጠገብ ስትገባ ጮህኩ። «እሱ እኮ ነው የሚያሽልዎት!» ብላ ሳቀች። ማታ እንደ ሕፃን ተኛሁ። በማግስቱ ከአልጋ ለመነሳት እህቴን ጠራሁ።

ሦስት ቀን ቆይቼ መርፌውን ሞከርኩ። በነገራችን ላይ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች የሚሠሩበት ነው፤ ሰፈሩ ለአኩፓንክቸር እንግዳ አይደለም። እኔ የሄድኩት ግን ከሴራሚክ መሸጫ በላይ ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ነው። ባለሙያዋ ሐበሻ ናት። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጥያቄ ጀመረች። ህመሙ ወደ እግር ይወርዳል? እግርዎ ይደነዝዛል? ሽንት ይቸግርዎታል? ብሽሽትዎ አካባቢ የደነዘዘ ቦታ አለ? ሳያስቡት ኪሎ ቀንሰዋል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?

«ሽንትና የብሽሽት መደንዘዝ ቢኖርዎት መርፌ አልነካም ነበር» አለችኝ። «ነርቭ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው የምልክዎት።» ማሳጅ ቤት በክርን ስደቆስ ይሄን የጠየቀኝ አልነበረም።

መርፌዎቹን ከታሸገ ፓኬት ዓይኔ እያየ አወጣች። ክር ያህላሉ። ወገቤ ግራና ቀኝ ሰካች፣ ከዚያ ጉልበቴ ከኋላ ሄደች። ወገቤን ነው ያልኩት፣ እዚያ ምን ትሠራለች? «ድሮም የወገብ ነጥብ እዚህ ነው» አለች። መርፌውን በጣቷ ትንሽ ስታሽከረክረው ውስጤ ከበድ፣ ደንዘዝ አለ። ህመም አይባልም። 25 ደቂቃ ሙቀት ከሚሰጥ አምፖል ሥር ትታኝ ሄደች። ከታች ወያላው «ቃሊቲ ቃሊቲ» ይላል።

አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ከሦስተኛው በኋላ ደረጃውን ሳልቆም ወጣሁ። ቨርጂኒያ ለአንድ ጊዜ የምከፍለው እዚህ ለአራቱም በቅቶኝ ተረፈ፤ በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝም አለ።

ግን ስለ ጉልበቴ ነገር ማንበቤ አልቀረም። ጀርመን ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አለ። በቻይናው ነጥብ የተወጉት 48 ከመቶ ገደማ ተሻላቸው። ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን የተወጉት? 44። በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ የታከሙት 27። እንግሊዞች እንዲህ ዓይነቱን ውጤት አይተው ነው መሰል እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያቸው ለወገብ አትስጡ አሉ። አሜሪካ ደግሞ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለቆየ የወገብ ህመም በ90 ቀን እስከ 12 ጊዜ ይከፍላል። ይሄን ሁሉ ለባለሙያዋ ዘረገፍኩላት።

«እና ተሻለዎት አልተሻለዎት?» አለችኝ።

ተሽሎኛል። ለምን እንደሆነ ግን ከእሷ መርፌ ይልቅ በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ ተራመድ ብላ ያዘዘችኝን እጠረጥራለሁ። ታክሲ ነጂ ስንት ጊዜ ይራመዳል?

ከመመለሴ በፊት ማሳጅ ቤቱንም በድጋሚ ጎበኘሁት። አሜሪካ ውስጥ 401 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት፣ ለመዝናናት የሚደረገው ማሳጅ ችግሩን ፈልጎ ከሚታሸው አላነሰም ነበር። ልጅቷ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ለስለስ» አልኩ። ከግራይንደሩ ጋር እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሻንጣዎቹን ቦሌ የተሸከመው የእህቴ ልጅ ነው።