«2.5 ነው» ብለው 2.0 ራቫ ፎር ሸጡልን፤ በሱሉልታ መንገድ መኪና የምትገዙ ተጠንቀቁ

መኪና ልትገዙ ወደ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ገላን የምትወጡ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ግቢዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቆርቆሮ አጥር፣ ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ፣ ጥቁር ቀለም የተቀቡ ጎማዎች፣ በር ላይ የሚቀበል ደላላ፣ ውስጥ ደግሞ «ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ወኪሉ እኔ ነኝ» የሚል ሰውዬ። «መኪና ከእንግዲህ አይገባም፣ ነገ ዋጋው ሌላ ነው» የምትለዋም አትቀርም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይህችን ሳይል ሰላምታ የሚሰጥ ደላላ የለም።

ለእህቴና ለባሏ የተሸጠላቸው 4ኛው ትውልድ ቶዮታ ራቫ ፎር ነው፣ ከ2013 ሞዴል ጀምሮ የመጣው። «2.5 ሞተር፣ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ፣ 176 የፈረስ ጉልበት፣ ከድሮዎቹ ጋር አይወዳደርም» ተባሉ። የተረከቡት ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ሲቪቲ ነው (ሲቪቲ ማለት በማርሾች ፈንታ በብረት ቀበቶ የሚሠራ፣ ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው)፣ 151 የፈረስ ጉልበት። ከኋላ በሩ ላይ «2.5» የሚል የሚያብረቀርቅ ባጅ አለ። ቶዮታ አልለጠፈውም።

ሙከራው እንዴት እንደተደረገ ስሙ። ግቢው ሱሉልታ በኩል ስለሆነ ለሙከራ የሚወሰደው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ የእንጦጦን ጫፍ ካለፉ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ላይ የማይፈጥን መኪና የለም። የስፖርት ቁልፉ ቀድሞ ተጭኗል። ይህ ቁልፍ አንድ ፈረስ አይጨምርም፤ ፔዳሉን ትንሽ ስትነኩት ስሮትሉ (ለሞተሩ አየር የሚያስገባው በር) ብዙ እንዲከፈት ብቻ ያደርጋል፣ ስለዚህ መኪናው ገና ሲነኩት ዘሎ ይነሳል። ማርሹ ወደ ኤም (በእጅ መቀየሪያው) ተገፍቶ ሲነዳ ደግሞ ሲቪቲው ደረጃ በደረጃ እንደሚቀይር ያስመስላል፣ «ስድስት ማርሽ» የተባለውም እውነት ይመስላል። ሲመለሱ፣ ዳገቱን፣ ሰውዬው ራሱ ነው የነዳው፤ «መንገዱ ይጨናነቃል፣ እናንተ አረፍ በሉ» ብሎ። ሬዲዮውንም ከፍ አደረገው።

መኪናው እኔ ጋ የመጣው «ሞተሩ ታሟል» ተብሎ ነው። አምስት ሰው ጭኖ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ የሞተሩ ዙር ቆጣሪ 4500 ላይ ተቸክሎ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክስ እየነፋ ያልፈዋል። ስካነር ተሰካ፤ የተመዘገበ ጥፋት የለም። የአየር ማጣሪያው ንጹህ፣ ካንዴላዎቹ ደህና፣ ኮምፕሬሽኑ በአራቱም ሲሊንደር እኩል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ የሚችለውን ሁሉ እየሰጠ ነው። ሌላ ሞተር ነው እንጂ።

የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የፋብሪካው ጽሁፍ አለ። እዚያ ላይ የጎማ ቤት ስቲከር ተለጥፎበታል። ስቲከር የትም ይለጠፋል፣ ግን ይሄኛው ልክ የሞዴል ኮዱን መስመር ነው የሸፈነው። በጥፍር ሲፋቅ ከስሩ ዜድ ኤስ ኤ 44 የሚል ወጣ። 2.5 ቢሆን ኖሮ ኤ ኤስ ኤ 44 ነበር የሚለው። ሊብሬው ላይም የሞተር ቁጥሩ የሚጀምረው በ3 ዜድ አር ነው፤ የ2.5ቱ 2 ኤ አር ነው። ሰነዱ በእጃቸው ያለፈ ነውና አላወቅንም ማለት አይችሉም።

ስቲከሩንም ሊብሬውንም ይዘን ግቢው ሄድን። ሰውዬው ከወንበሩ አልተነሳም። ሱፍ እየፈለፈለ፣ ቅርፊቱን ጠረጴዛው ላይ እየጣለ፣ እህቴን ከላይ እስከ ታች አያትና «እትዬ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለማመላለስ ነው የገዛሽው ወይስ ለውድድር?» አላት። መኪና የሚያጥቡት ልጆች ሳቁ። ባጁን ማን ለጠፈው ስንለው «ጌጥ ነው፣ ካልወደድሽው ይነሳል» አለ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና የውሉን ቅጂ አወጣ፣ በሱፍ የተለወሰ ጣቱን «መኪናውን አይቼ፣ ፈትሼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለው መስመር ላይ አሳርፎ «ይሄ የማን ፊርማ ነው?» ሲል ጠየቃት። መልስ እንኳ አልጠበቀም፤ ወደ ስልኩ ዞረ። ውሉ ላይ «ቶዮታ ራቫ ፎር» እና የተመረተበት ዓመት እንጂ ሲሲ (የሞተሩ መጠን) የሚል ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ መርጠው ነው ያልጻፉት፣ እሱም ይሄው ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት ትውልድ ነው፤ «አዲሱ ቅርጽ ነው፣ ስለዚህ ይፈጥናል»። ጉልበት ያለው ግን ሞተሩ ውስጥ ነው እንጂ ቅርጹ ውስጥ አይደለም። በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ራቫ ፎር 2.0 ሞተር ነበረው፣ እንደ ገበያው ከ120 እስከ 135 የፈረስ ጉልበት፣ የመኪናው ክብደት ግን 1200 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። በ2000 የመጣው ሁለተኛው በ2.0 ወደ 150 ደረሰ፤ በፊት ጎማ ብቻ የሚጎትት ባለ 1.8 ደካማ ወንድምም አለው፣ እሱም እንደ 2.0 ሲሸጥ ታይቷል። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። 2.4ቱ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ስለሆነ ዝግ ያለ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ባለ ስድስት ሲሊንደር 3.5 ግን 269 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ከዜሮ እስከ 100 በ7 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። አራተኛው ሲመጣ ያ ሞተር ቀረ። ስለዚህ ባለ 2.5ቱ አራተኛ ትውልድ ራሱ ከቀድሞው ስድስት ሲሊንደር ኋላ ነው፣ ዘጠኝ ሰከንድ አለፍ ይላል። 2.0 ሲቪቲው አስር ሰከንድን ይሻገራል፤ ክብደቱ ደግሞ 1600 ኪሎ አካባቢ ደርሷል። እውነተኛው ዝላይ አምስተኛው ላይ ነው። ቤንዚኑ 2.5 በስምንት ማርሽ 203 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ጎማ ጎታች ሃይብሪዱ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ሞተር ያለው) 8.1 ሰከንድ፣ ከግድግዳ ቻርጅ የሚደረገው ደግሞ 302 የፈረስ ጉልበት ይዞ 6 ሰከንድ አካባቢ።

ይህ ሁሉ ቁጥር ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ደላላው ከኢንተርኔት ላይ ያነበበላችሁ ሰከንድ አዲስ አበባ ላይ የለም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣል፤ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ከሆነ እዚህ ስካነሩ ላይ የሚታየው ወደ 76 ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው የሚስበውን አየር ያህል ስለሆነ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። 151 የተባለው ወደ 120 ይወርዳል፣ ማለትም የመጀመሪያው ራቫ ፎር ዝቅ ያለ አገር ላይ ያለውን ጉልበት ይዞ 400 ኪሎ ተጨማሪ ይሸከማል። የታመመ የመሰለው ለዚህ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ያን ያህል አይጎዳም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውምና ከፍታው አይነካውም፤ ሃይብሪዱም በዚያ በኩል ይረዳል፣ ረጅም ዳገት ላይ ባትሪው ሲያልቅ ግን ሸክሙ ለቤንዚን ሞተሩ ይቀራል።

አሁን ደግሞ የካምቢዮውን ዘይት አወጣን። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ሲገባበት ብረት ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል፣ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። የወጣው ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ነው። «ስድስት ማርሽ» የሚለውን ውሸት እስከ ዘይቱ ድረስ ገፍተውታል ማለት ነው፣ ወይም የሸጡትን መኪና እነሱም አያውቁትም። የትኛው እንደሚያናድድ ራሴም አልለየሁም።

የምትገዙ ከሆነ ቀብድ ሳትከፍሉ የበሩን ምሰሶ ወይም ኮፈኖው ስር ያለውን ፕሌት አንብቡ፣ ከሊብሬው የሞተር ቁጥር ጋር አስተያዩ፣ ሲሲውና የካምቢዮው ዓይነት ውሉ ላይ ይጻፍ። ሙከራውን ሰው ሞልታችሁ፣ ስፖርቱን አጥፍታችሁ፣ ማርሹን ዲ ላይ አድርጋችሁ ዳገት ላይ እናንተ ንዱ፤ ስድስት ማርሽ ከሆነ የዙር ቆጣሪው በየቅይይሩ ዝቅ ይላል፣ ሲቪቲ ከሆነ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ከዚያው ግቢ ስንወጣ ነጭ ራቫ ፎር በር አጠገብ ቆማለች፣ እሷም «2.5» ተለጥፎባታል፣ ምሰሶዋ ላይም ያው የጎማ ቤት ስቲከር አለ።