ማዕዴን መልሰው ላሰፉልኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ

ይህን ምስጋና እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ የደረሰኝ የደም ምርመራ ውጤት ነው። ሴሊያክ በስንዴና በመሰል እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀትን የሚያስጎዳበት ሕመም ነው፤ ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚለካው ፀረ አካል ወደ ጤናማው መጠን ወርዷል፤ በሰውነቴ ተሟጥጦ የነበረው የብረት ክምችትም ተመልሷል። ሐኪሜ ውጤቱን አይተው «የሥነ ምግብ ባለሙያዋን ያመስግኑልኝ» አሉኝ። መልእክቱን ካደረስሁ በኋላ ግን የእኔ ምስጋና በሁለታችን መካከል ብቻ ሊቀር እንደማይገባው ተሰማኝ። ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ፣ ወይም ምግብ አልስማማ እያላቸው መፍትሔ ያጡ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁና ስለ ባለሙያዋ ሥራ በሰፊው ልናገር።

ወደ እርሳቸው የሄድሁት የምበላው ነገር ሊያልቅብኝ ሲቃረብ ነበር። ሕመሙ በደም ምርመራና ከትንሹ አንጀት በተወሰደ ናሙና ከተረጋገጠ በኋላ ስንዴ፣ ገብስና ራይ የተባለውን እህል ትቻለሁ። ሆዴ ግን መነፋቱን አልተወም። በዚህ መካከል አንድ የግል ተቋም «የምግብ አለመስማማት ምርመራ» ብሎ ደሜን ወሰደና እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ ሩዝ ጭምር የተካተቱበት ረጅም የክልከላ ዝርዝር ሰጠኝ። ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም። ክብደቴ እየቀነሰ፣ ጉልበቴ እየደከመ፣ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ እያስፈራኝ መጣ።

ባለሙያዋ ያንን ዝርዝር በጥንቃቄ አነበቡት፤ ከዚያም ምርመራው የሚለካው ምን እንደሆነ አስረዱኝ። አይጂጂ የተባለው ፀረ አካል ሰውነታችን ከአንድ ምግብ ጋር መተዋወቁን የሚያሳይ እንጂ ምግቡ ጎጂ መሆኑን የሚያረጋግጥ አይደለም። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ይህን ምርመራ ለዚህ ዓላማ መጠቀምን አይመክሩም። በዚያው ቀን እንቁላሉንና ሩዙን መለሱልኝ። «ያለ ማስረጃ ከማዕድዎ የሚወጣ ነገር አይኖርም፤ ማስረጃ ያለው ደግሞ ተመልሶ አይገባም» ያሉኝ ቃል እስከ ዛሬ የምመራበት ደንብ ሆኗል።

የዚህን ደንብ ሁለተኛ ክፍል እንዴት አጥብቀው እንደሚይዙት ልንገራችሁ። ሴሊያክ ተራ የሆድ አለመስማማት አይደለም። ግሉተን ሲገባ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን የትንሹን አንጀት ሽፋን ያጠቃል፤ ምግብን የሚመጥጡት ጣት መሰል ጥቃቅን አካላት ይጠፋሉ፣ ብረቱም ካልሲየሙም ፎሌት የተባለው ቫይታሚንም ሳይመጠጥ ያልፋል። ብዙ ታማሚዎች ሆዳቸውን ሳያማቸው በደም ማነስ ወይም በአጥንት መሳሳት ብቻ ሕመሙ የሚገኝባቸው ለዚህ ነው። በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሳምንታት የወሰዱ ታማሚዎች አንጀታቸው መጎዳቱ በጥናት ታይቷል። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ወደ 2 ግራም ገደማ ግሉተን እንደሚይዝ ካሰብን ጉዳት የሚያደርሰው ከቁራጩ አንድ አርባኛው፣ ማለትም ፍርፋሪ ነው። «ትንሽ ቢቀምሱ ምን አለበት?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ስለዚህ የወጥ ቤቴን ፎቶግራፎች እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ከዚህ በፊት ያየኋቸው ባለሙያዎች ሁሉ ስለምበላው ጠይቀውኛል፤ ስለምበላበት ዕቃ የጠየቁኝ ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው። ዳቦ መጥበሻው ለብቻዬ እንዲሆን፣ ፓስታ የሚጠለልበት ወንፊት እንዲለይ፣ የተሰነጠቀው የእንጨት መክተፊያና ማማሰያ እንዲቀየር መከሩ። በቤተሰቡ ሁሉ ቢላዋ የሚነካው የማርማላታ ጠርሙስ ሁለት እንዲሆን አደረጉ። በአንጻሩ የብረትና የመስታወት ዕቃዎች በሳሙና በደንብ ከታጠቡ ችግር እንደሌለባቸው፣ ግሉተን በአየር ላይ ከሚበን ዱቄት በስተቀር እንዲሁ እየበረረ እንደማይመጣ ነገሩኝ። ይህም እፎይታ ነበር፤ የቤቱን ሰው ሁሉ ከማስጨነቅ አድኖኛል።

የዕቃ ማሸጊያ ማንበብንም ከእርሳቸው ተማርሁ። ብቅል የሚል ቃል ካየሁ ገብስ መሆኑን አውቃለሁ። የአኩሪ አተር ስጎ አብዛኛውን ጊዜ በስንዴ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። «ከስንዴ ነፃ» የሚለው ጽሑፍ «ከግሉተን ነፃ» ማለት እንዳልሆነ፣ ምክንያቱም ገብስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በምሳሌ አሳዩኝ። ከግሉተን ነፃ ለሚባል ምግብ ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ መለኪያ በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን መሆኑንም ከእርሳቸው ሰማሁ። አጃ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው፦ በተፈጥሮው የስንዴ ዓይነት ግሉተን ባይኖረውም በማሳና በወፍጮ ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል የሚበላው ተለይቶ የተመረተው ብቻ ነው፤ እርሱም የማይስማማቸው ጥቂት ታማሚዎች አሉ። ለዚህ ነው እስክረጋጋ ድረስ አዘግይተው፣ በኋላ በክትትል ያስጀመሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ውለታቸው ልምጣ። ግሉተኑ በትክክል ከወጣ በኋላም መነፋቱ ሲቀጥል ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ዝርዝር ይሰጠኝ ነበር። እርሳቸው የበላሁትን፣ ሰዓቱንና የተሰማኝን የምመዘግብበት ደብተር አስያዙኝ። ከመዝገቡ ሁለት ነገር ወጣ። የመጀመሪያው ወተት ነው። ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚመረተው ሴሊያክ በሚያጠፋቸው በእነዚያ ጣት መሰል አካላት ጫፍ ላይ ስለሆነ አንጀቱ እስኪያገግም ድረስ ወተት የማይስማማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። «ወተትን ለሕይወት ዘመንዎ አይሰናበቱት» አሉኝ። ላክቶሱ የወጣለት ወተትና የቆየ ጠንካራ አይብ አስጀመሩኝ፤ ካልሲየሙ እንዳይጎድለኝ ነው። ከወራት በኋላ ወተቱን በጥቂቱ ስሞክር ሆዴ ተቀበለው።

ሁለተኛው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሆኖ ተገኘ። በውስጣቸው ያለው ፍሩክታን የተባለ ስኳር በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና በባክቴሪያዎች ሲብላላ ጋዝ ይፈጥራል። የአንጀትን ሽፋን አይጎዳም፤ ያስጨንቃል እንጂ። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነበር፤ ግሉተን ሲሆን ፍርፋሪ ያሳስበኛል፣ ሽንኩርት ሲሆን መጠኑን አስተካክዬ እበላለሁ። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዳበሩትን ዘዴ ተጠቅመው እነዚህን ምግቦች ለጥቂት ሳምንታት ብቻ አስቆሙኝና አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው ምን ያህል እንደሚስማማኝ ለዩ። ፍሩክታን በዘይት ስለማይሟሟ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሶ ማውጣትና ዘይቱን ለማጣፈጫ መጠቀም እንደሚቻልም አሳዩኝ። የወጥ ቤቴ ሽታ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

አንድ ቀን ይህን ያህል ለምን እንደሚጠነቀቁ ስጠይቃቸው የሕመሙን ታሪክ አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሲድኒ ሃስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ሕፃናት ታማሚዎችን ሙዝ በበዛበት ምግብ ማከም ጀመሩ። ሕፃናቱ ሲሻላቸው ምስጋናው ለሙዙ ሆነ፤ የረዳቸው ግን የዳቦው መቅረት ነበር። በ1950 የኔዘርላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካሬል ዲከ በዶክትሬት ጽሑፋቸው ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን እስኪያሳዩ ድረስ ስንት ሕፃን የማይጎዳውን ምግብ ተከልክሎ እንደኖረ አስቡት። ባለሙያዋ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ላይ ቁጭት ነበር፤ ሥራቸውን ምን ያህል እንደሚወዱት ያን ጊዜ ገባኝ።

ሌላም ያደረጉልኝ አለ። የምወስዳቸው መድኃኒቶች ማጣበቂያቸው ከምን እንደሚሠራ ፋርማሲስቱን ጠየቁልኝ። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ እንዲታዘዝልኝ ለሐኪሜ ጻፉ። ወላጆቼ፣ እኅትና ወንድሞቼ ባይታመሙም እንዲመረመሩ አሳሰቡ፤ ከታማሚ የቅርብ ዘመዶች መካከል ከአሥሩ አንዱ ያህል ሕመሙ ይገኝበታልና። እኅቴ ለዓመታት በደም ማነስ ስትቸገር ኖራ ምክንያቱን ያወቀችው በዚህ ምክር ነው። በእኅቴም ምክንያት ለባለሙያዋ ያለኝ ምስጋና ድርብ ነው።

ለሚሄድ ሰው እውነቱን ልናገር፦ ቀጠሯቸው ይርቃል፣ የመጀመሪያው ቀን ውይይትም ረጅም ነው። በአንድ ቀን መፍትሔ የሚፈልግ ሰው ይቸገር ይሆናል። ደብተሩን ሳይሞሉ ለሚመጡትም ምክር ለመስጠት አይቸኩሉም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ሆኖም አውቃችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

ሴሊያክ ይኖርብኛል ብላችሁ የምትጠራጠሩ ደግሞ ከመመርመራችሁ በፊት ግሉተን አታቁሙ። ባለሙያዋ ይህን ለሚጠይቃቸው ሁሉ ደጋግመው ይናገራሉ፤ ግሉተን ካቆሙ በኋላ ፀረ አካሉ ስለሚወርድና አንጀቱም ማገገም ስለሚጀምር ምርመራው ሕመሙ እያለ የለም ሊል ይችላል።

ስማቸውን በይፋ ያልጻፍሁት ሳላስፈቅዳቸው እንዳይሆን ነው። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ፣ በደስታ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የደም ምርመራና የናሙና ውጤታችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒትና የቫይታሚን ዝርዝር፣ ቢቻል የአንድ ሳምንት የምግብ መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ። የወጥ ቤታችሁን ፎቶግራፍ ግን እርሳቸው ራሳቸው ይጠይቋችኋል።