ካሚኖ በብርድ ወራት፦ የትኛውን መንገድ ልያዝ ለምትሉ

በቀጥታ ልናገር። ዲሴምበር ወይም ጃንዋሪ ላይ ስፔን ውስጥ ወዳለችው ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ በእግሬ ልሂድ የሚል ሰው ቢያማክረኝ፣ የፖርቱጋሉን መንገድ ያዝ፣ ከፖርቶ ተነስ ነው የምለው። ዝናቡ አይጣል ነው፤ አልደብቅም። ግን ከባድ ተራራ የለውም፣ በረዶ ብዙም አያሰጋም፣ ማደሪያም አያሳጣም።

ለማያውቅ ሰው፣ ካሚኖ አንድ መንገድ አይደለም። የሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር አለበት ወደሚባለው ካቴድራል ከየአቅጣጫው የሚወስዱ መንገዶች የወል ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ተሳላሚ ደርሶ ተመዝግቧል፤ ከዚህ ውስጥ በብርዱ ወራት የመጣው በጣም ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ማደሪያውም፣ ቡና ቤቱም፣ ሻንጣ አመላላሹም በዋናነት የሚሠራው ሞቅ ባለው ወቅት ለሚመጣው ሰው ነው። በብርድ የምትሄዱ ከሆነ የመንገዱን ዝና ተዉትና ሁለት ነገር ጠይቁ። ከፍታው ስንት ነው? ማታ የሚከፈትልኝ በር አለ ወይ?

ዝነኛው የፈረንሳዩ መንገድ ነው፤ ከሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነስቶ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚህ ጣጣው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀን ነው። ሁሉም ፎቶ የሚነሳበት የናፖሊዮን መንገድ የሚባለው የፒሬኔ ተራራ መሻገሪያ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 በሕግ ዝግ ነው። ሰው እየጠፋ፣ አደጋ እየደረሰ ስላስቸገረ ነው የተዘጋው፤ እኔ ጎበዝ ነኝ፣ አየሩም ጥሩ ነው የሚል ክርክር አይሠራም። በሸለቆው በኩል፣ በቫልካርሎስ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። መንገዱ በከፊል አስፋልት ዳር ስለሆነ የሚያንጸባርቅ ነገር ልበሱ። ሮንሴስቫዬስ ያለው ትልቁ ማደሪያ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ላ ሪዮሃ ላይ ጭቃው ጫማ ይዞ ይቀራል። ከቡርጎስ እስከ ሌዮን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚያስጥል ዛፍ እንኳ እንደልብ አታገኙም። ከሌዮን በኋላ ክሩስ ዴ ፌሮ የሚባለው የብረት መስቀል የቆመበት ቦታ 1,500 ሜትር፣ ተራራ ላይ ያለችው መንደር ኦ ሴብሬይሮ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም ጋ በረዶ ይጥላል። በረዶ ካለ በእግር መንገዱ አትድረቁ፣ አስፋልቱን ያዙ። መንገዱን የሚያመለክቱት ቢጫ ቀስቶች በረዶ ሥር ከገቡ አቅጣጫ የሚነግራችሁ የለም።

ይህን ሁሉ ብዬም ይህን መንገድ አልጠላውም፤ ከ5 ውስጥ 3 ተኩል ነጥብ እሰጠዋለሁ። ምክንያቱ ሰው ነው። በብርድ የሚሄደው ሰው ትንሽ ነው፣ የሚከፈተውም ማደሪያ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ማታ ማታ እነዚያኑ ፊቶች አንድ ምድጃ ዙሪያ ታገኛላችሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቤተሰብ ሆናችኋል፣ አንዱ ፓስታ ይቀቅላል፣ አንዱ ካልሲ ያደርቃል፣ አንዱ ደግሞ ስለ እግሩ ውሃ መቋጠር ማንም ሳይጠይቀው ሲያወራ ያመሻል።

ፖንፌራዳ ላይ ስትደርሱ ኦ ሴብሬይሮን የምትሸሹበት አማራጭ አለ፤ ስሙ ራሱ የብርድ ወራት መንገድ ማለት ነው፣ ካሚኖ ዴ ኢንቪዬርኖ። መጀመሪያ የሲል ወንዝን እየተከተለ፣ በጠቅላላው 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በላስ ሜዱላስ በኩል ያልፋል፤ ሮማውያን ወርቅ ሲያወጡ ተራራውን በውሃ ኃይል ንደውት የቀሩት ቀያይ ኮረብቶች ናቸው፣ ዩኔስኮ በ1997 መዝግቧቸዋል። ውበቱ ለብቻው ነው። ግን ርካሽ የተሳላሚ ማደሪያ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ሌሊት ፔንሲዮን (ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ) ከፍላችሁ ነው የምታድሩት፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ ተጓዥ ላታዩም ትችላላችሁ። ብቸኝነት ለሚወድ 4፣ ለጀማሪ 2።

ከሴቪያ የሚነሳው ቪያ ዴ ላ ፕላታ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ደቡቡ በጁላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚያቃጥል በብርዱ ወራት መሄድ ብልህነት ይመስላል፣ ነውም። ችግሩ ከመንደር መንደር ያለው ርቀት አንዳንዴ 30 ኪሎ ሜትር መድረሱና ዝናብ ሲጥል ጅረቶቹ መሞላታቸው ነው። ሰሜኑ ደግሞ፣ ሳናብሪያ አካባቢ፣ እንደገና ተራራ ነው። ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ተነስታችሁ ተራራውን ማርች ላይ ብታገኙት ይሻላል።

የባሕር ዳሩን የሰሜን መንገድና ከኦቪዬዶ የሚነሳውን ፕሪሚቲቮ በዚህ ወቅት አልመክርም። ብዙው ማደሪያ ዝግ፣ ዝናቡ የማያባራ፣ የፕሪሚቲቮ ተራራ ደግሞ ጭጋግና በረዶ። ለሜይ አቆዩት።

ወደ ፖርቱጋሉ ልመለስ። ከፖርቶ በመሃለኛው መንገድ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቁ ዳገት ላብሩዣ ነው፣ እሱም 400 ሜትር አካባቢ። የባሕር ዳርቻው አማራጭ ፎቶው ያምራል፣ ግን የአትላንቲክ ነፋስና ዝናብ ፊት ለፊት ስለሚመታችሁ መሃለኛውን ያዙ። የማልወድለት አንድ ነገር አለ፤ የድንጋይ ንጣፉ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ጉልበትም ይጎዳል። ቢሆንም 4 ነጥብ ይገባዋል። ጊዜ ያጠረው ሰው ከድንበሩ ከተማ ከቱይ ቢነሳም ኮምፖስቴላ ለሚባለው፣ ተሳላሚው መጨረሻ ላይ ለሚያገኘው ምስክር ወረቀት የሚያስፈልገውን 100 ኪሎ ሜትር ያሟላል።

የትኛውንም ብትይዙ፣ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው የሚለውን አትመኑ። እኔን አንድ የግል ማደሪያ ጉድ ሠርቶኛል፤ ገጹ ክፍት ይላል፣ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ እኔ በስብሼ እስከሚቀጥለው መንደር በጨለማ። ከዚያ ወዲህ ያደርኩበት ቤት አስተናጋጅ ለነገው ማደሪያ እንዲደውልልኝ ማታውኑ እጠይቃለሁ። ሳንቲያጎ ባለችበት ክልል በጋሊሲያ ውስጥ በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው በፈረንጅ 9 ሰዓት ገደማ፣ የምትጠልቀው 6 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ቀኑ ሳይመሽባችሁ 20 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በቂ ነው። ዲሴምበር 25፣ ጃንዋሪ 1 እና 6 ሱቅ ስለሚዘጋ ምግብ ቀድማችሁ ያዙ።

በመጨረሻው 100 ኪሎ ሜትር ደግሞ፣ መንገዱን መሄዳችሁን በሚያሳየው የተሳላሚ ደብተራችሁ ላይ በቀን ቢያንስ ሁለት ማኅተም ያስፈልጋል። በሞቃቱ ወራት ቀላል ነው፤ በብርድ ግን ግማሹ ቤት ዝግ ስለሆነ፣ ክፍት ቡና ቤት ባያችሁ ቁጥር ግቡና አስመቱ።