የወላጆቼ አርባኛ የጋብቻ ዓመት በጃፓን ማዕድ፦ የባሕር ዳር ምሳ

ጣና ዳር ተቀምጦ የጃፓን ምግብ የሚያቀርብ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው በዓሣው ነው። የባሕር ዳር ሰው ዓሣ ያውቃል። ጥብሱን፣ ጉላሹን፣ ዱለቱን እየበላ ያደገ ስለሆነ ቆሮሶው ዛሬ ከሐይቁ ይውጣ ወይም ይደር በመጀመሪያው ጉርሻ ይለየዋል። ለአንድ ሰው 3,500 ብር የሚያስከፍል ምግብ ቤት ይህን ሰው አክብሮ መነሣት አለበት። እኛ የሄድንበት ቤት የሐይቁን ዓሣ ሲያበስል እጅግ የተዋጣለት ነው። ከሩቅ ያስመጣውን የባሕር ዓሣ ጥሬውን ሲያቀርብ ግን ደከመብን። ቤቱ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ውስጥ ይገኛል፤ ገና ሥራውን እያደላደለ ስለሆነ ጉድለቱን ከስሙ ጋር ማያያዝ አልፈለግሁም።

ምሳው የወላጆቼ ነበር። አባቴና እናቴ የተጋቡት ሞጣ አጠገብ፣ በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ነው፤ ዘንድሮ አርባ ዓመት ሞላቸው። በእኛ ዘንድ የጋብቻ ዓመት ማክበር ብዙም የተለመደ ስላልሆነ እናቴ «ዕድሜ የሰጠን አምላክ ይመስገን፤ ቤታችን ውስጥ አንድ ዶሮ ይበቃል» ብላ ነበር። የጃፓኑን ሐሳብ ያመጣችው ታናሽ እህቴ ናት፤ ምክንያቷም አባታችን ነው። አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታሪክ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት መቀዳቱን፣ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ማሸነፉን ለተማሪዎቹ ሲያወራ ነው የኖረው። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የተሻገረችው፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያሻግረው አዲሱ የዓባይ ድልድይም በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀ ነው፤ አባቴ በዚያ ባለፈ ቁጥር የጃፓንን ነገር ያነሣል። የአገሩን ምግብ ግን ቀምሶ አያውቅም ነበር።

ቀን መምረጥ አላስቸገረንም፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ ላለመገኘት ብለን ከራት ይልቅ ምሳ ያዝን። ያስጨነቀኝ የምግብ ዝርዝሩ ነው። ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስ፣ እባብ መሰሉ ኢል፣ የአሳማ ሥጋ ሞልቶበታል። እናቴ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አትበላም፤ ከራሳችን ሐይቅ የሚወጣውን አምባዛ እንኳን በቤቷ አስገብታ አታውቅም። ስለዚህ አስቀድሜ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰማችና «ለእንዲህ ዓይነት እንግዶች የተለየ ዝርዝር አለን፤ የሚጠበስበት ዘይትም የብቻው ነው» አለችኝ። የዘይቱን ነገር እኔ አልጠየቅሁም። ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንች ለእናቴ ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ሰዎች መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጠረጴዛውን የያዝሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቤቱ ሰፊ አይደለም። መስኮቶቹ ወደ ሐይቁ የተከፈቱ ናቸው፤ ግድግዳው ባዶ፣ ጠረጴዛው ጨርቅ የሌለው እንጨት ነው። እንደ ተቀመጥን በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ትንሽ ፎጣ በየሰዉ ፊት ቀረበ። ጃፓኖች ከምግብ በፊት እጅ የሚያጸዱት በዚህ ነው። አስተናጋጇ ከእናቴ ጀመረች፣ በሁለት እጇ ሰጠቻት፣ ጎንበስ አለች። እናቴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን ወደደችው። አባቴ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ ባርኮ እስኪጨርስ ድረስም ምግብ ይዛ የቆመችው ልጅ ወደ ጠረጴዛው አልቀረበችም።

መጀመሪያ የመጣው ሚሶ ከሚባል የተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ሾርባ ነው። መልኩ ብዙ አይስብም፦ ደፍረስ ያለ ውኃ፣ ውስጡ ቶፉ የሚባል የአኩሪ አተር አይብ ቁርጥራጭና ጥቂት የባሕር ቅጠል። ኃይሉ ያለው ከሥር ባለው መረቅ ነው። መረቁ የሚዘጋጀው ኮምቡ ከሚባል የደረቀ የባሕር ተክልና በጢስ ደርቆ በስሱ ከተላገ ካትሱኦቡሺ ከሚባል ዓሣ ነው። ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለው የቶኪዮ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1908 ግሉታሜትን ለይቶ ያወጣው ከዚሁ ኮምቡ ነው፤ ከጣፋጩ፣ ከጎምዛዛው፣ ከጨዋማውና ከመራራው የተለየ አምስተኛ ጣዕም መኖሩን ያስረዳውም በዚሁ ነው። ቅቤም ሥጋም ሳይገባበት አፍ የሚሞላ መረቅ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለፈለገ ይህ ሾርባ ብቻውን ትምህርት ነው። እናቴ አስተናጋጇን ጠርታ «ልጄ፣ ይህ ለጾም ይሆናል?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱም ዓሣ እንዳለበት፣ ከተፈለገ ግን በኮምቡና በደረቅ እንጉዳይ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳቻት። ለጾመኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምግብ ቤቱ በምግብ ዝርዝሩ ላይ በግልጽ ቢጽፈው ሰው ይጎርፍለታል።

ቀጥሎ ሳሺሚ የሚባለው ጥሬ ዓሣ መጣ፤ ቅሬታዬም ከዚህ ይጀምራል። ጥሬ መብላት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቴ ቁርጥ ፊት ሲቀርብለት የሚያቅማማ ሰው አይደለም፤ ጥሬው ሳልመንም አላስፈራውም። ችግሩ ዓሣው ነው። ቀዝቅዞ የመጣው ሳልመን በችኮላ ስለ ቀለጠ ዳርና ዳሩ ለስልሶ ውኃ አዝሏል፣ መካከሉ ደግሞ ገና ጥርስ ያቀዘቅዛል። ቱናውም ቀለሙ ደብዝዞ ነበር። ዓሣ መቀዝቀዙ በራሱ ነውር የለበትም። ጥሬ የሚበላ ዓሣ ጥገኛ ትሎቹ እንዲሞቱ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀናት ያህል መቆየት አለበት ተብሎ ነው በአሜሪካ የሚመከረው። ማቅለጡ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ከማታው ጀምሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብሎ መፍታት አለበት። ወንድሜ «እዚሁ ሐይቅ ላይ እያሉ ቆሮሶውን ለምን በጥሬው አያቀርቡም?» ብሎ ሲጠይቅ ሼፉ ራሱ ወጥቶ መለሰለት፤ የጨው አልባ ውኃ ዓሣ በጥሬው ሲበላ ሰውን የሚያሳምሙ ትሎች ሊያስተላልፍ ስለሚችል እርሱ አያደርገውም። ልክ ነው። እንግዲያው ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነ ሰው ያን ሳልመን ከወጥ ቤቱ እንዲወጣ መፍቀድ አልነበረበትም።

ከዚያ ቴምፑራው መጣና ሁላችንንም ዝም አሰኘን።

የጣና ቆሮሶ በጣት ቁመት ተቆርጦ፣ ከካሮት፣ ከደበርጃን፣ ከስኳር ድንችና ከፎሶሊያ ጋር፣ በስስ ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ነው። ሊጡ እንደ ነጠላ የሳሳ ነበር፤ በሥሩ የካሮቱ ቀለም ይታያል። እኛ አገር ዓሣ የሚጠበሰው ቆዳው ተበጣጥቶ፣ ዘይት ውስጥ ቆይቶ፣ እስኪደርቅ ድረስ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ይህ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሊጡ በበረዶ ውኃ ይለወሳል፣ ብዙ አይታሽም፣ እንደ ተለወሰ ወዲያው በ170 እና በ180 ዲግሪ መካከል ወደ ሞቀ ዘይት ይገባል። ብዙ ከታሸ ይጎትታል፣ ዘይቱ ከቀዘቀዘ ይጠጣዋል። እዚህ ላይ አንዱም ስሕተት አልተሠራም። ዓሣው በውስጡ በእንፋሎቱ የበሰለ ያህል ነጭና እርጥብ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው የዘይት ምልክት እፍኝ አይሞላም። ሳህኑም በአንድ ጊዜ ተከምሮ አልመጣም፤ በየደቂቃው ትኩስ ትኩሱ ይደርሰናል።

አባቴ ያን ጊዜ አስተማሪነቱ ተነሣበት። ዓሣና አትክልት በሊጥ ነክሮ መጥበስን ለጃፓኖች ያሳዩአቸው በ16ኛው መቶ ዘመን የመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው ይባላል፤ ሥጋ በማይበሉባቸው የጾም ቀናት የሚበሉት ነበር። ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1543 ሲሆን የፖርቱጋሉ አዛዥ የክሪስቶቫው ዳ ጋማ ወታደሮች ምጽዋ ላይ ከወረዱ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሁለቱም አገሮች በሚቀጥለው መቶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ፣ አስወጧቸው፤ እዚህ ዐፄ ፋሲለደስ፣ እዚያ ሾጉን የሚባሉት የጦር ገዥዎች። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሰው እስከ ዛሬ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። «እኛ ዘንድ ድልድይ ቀረ፣ እነርሱ ዘንድ ጥብስ ቀረ» አለ አባቴ፣ አንድ ቁራሽ ስኳር ድንች አንሥቶ። ለዚህ ሰው የሚስማማ የበዓል ምሳ ከዚህ የተሻለ ማሰብ አልችልም።

ጨው ተነስንሶበት በፍም ላይ የተጠበሰው ሙሉ ቆሮሶም ጥሩ ነበር፤ ከጎኑ ሎሚና የተፈጨ ነጭ ፍጅል ቀርቦለታል። ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ይለቃል። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደግሜ አዝዘዋለሁ።

በሩዝ ላይ ዓሣ እየተደረገ የሚቀርበው ሱሺ መካከለኛ ነው፤ ምክንያቱ ሩዙ ነው። የአንዳንዱ ፍሬ እምብርት አልበሰለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቶኪዮ ላይ በተለመደው ሰዓት ሩዝ የሚቀቅል ሰው እዚህ ያንኑ ካደረገ ጥሬ እምብርት ያገኛል። በግፊት ማብሰያ ወይም ሩዙን ረዘም ላለ ጊዜ በመዘፍዘፍ የሚፈታ ነገር ነው። ሩዙ ከውጭ የመጣ መሆኑንም ነገሩን። ከሐይቁ ማዶ ፎገራ ሩዝ እያመረተ፣ ገበሬውም ከጤፍ ጋር እየቀላቀለ እንጀራ ሲጋግረው፣ ይህ ቤት ከፎገራ አንዱን ዓይነት መርጦ ቢሞክር ደስ ይለኛል። ዳቦ የሚመስል ትኩስ ሩዝ ላይ የተጋገረ ቆሮሶ የተደረገበት ሱሺም ነበር፤ ከሳልመኑ እጅግ ይበልጣል።

እናቴ ዋሳቢ የሚባለውን አረንጓዴ ማባያ ያለ ማስጠንቀቂያ ቀመሰችው። ዓይኗ እንባ ሞላና «ይህማ ሰናፍጭ ነው!» አለች። አልተሳሳተችም፤ አፍንጫ የሚመታው ቅመም በሁለቱም ውስጥ አንድ ነው። እንዲያውም ብዙ ምግብ ቤቶች በዋሳቢ ስም የሚያቀርቡት አረንጓዴ ቀለም የገባበት የሰናፍጭ ዘመድ ሥር ነው፤ ሼፉም ይህንኑ ሳይደብቅ ነግሮናል።

በሁለቱ ቀጫጭን ዘንጎች መብላት ለወላጆቼ ያስቸግራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አስተናጋጇ ሱሺ በእጅ ቢበላ በጃፓንም ነውር እንደሌለው ስትነግራቸው ነገሩ አበቃ። እናቴ አንዱን አንሥታ ሶሱን ነካ አድርጋ አባቴን አጎረሰችው፤ እርሱም አጎረሳት። ከዚያ ወንድሜ በዘንጉ የያዘውን ለእህቴ በዘንጓ ሊያቀብላት ሲል ልጅቱ ቀስ ብላ ከለከለችው፦ ጃፓኖች ከዘንግ ወደ ዘንግ የሚቀባበሉት ከሬሳ ማቃጠል በኋላ የሟቹን አጥንት ሲሰበስቡ ነው፤ በማዕድ ላይ አይደረግም። እናቴ አማተበች። እንዲህ ያለውን ነገር ሳያሳፍሩ መንገር መቻል በአስተናጋጅ ላይ የማየው ትልቁ ሙያ ነው።

ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ለብ ብሎ በትንንሽ ሲኒ ቀረበ፤ አባቴ ወደደው፣ እኔ ጠላ እመርጣለሁ። የአረንጓዴ ሻይ አይስክሬሙ ስኳር በዝቶበታል። ቡናው ግን የዘጌ ነው፤ እዚያው ሐይቁ ላይ ካለው ልሳነ ምድር የመጣ፣ በጀበና የፈላ። የጃፓን ሻይ ብቻ ነው ያለን ቢሉን ኖሮ እናቴ በዓሉ አልተፈጸመም ትል ነበር።

ሒሳቡ ለስድስት ሰው 21,000 ብር፣ በላዩ 10 በመቶ የአገልግሎትና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተደርጎ 26,565 ብር ሆነ። ከብዙ የመንግሥት ሠራተኞች የወር ደመወዝ በላይ ነው፤ በየጊዜው የሚደፈር አይደለም። ምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ታክሱን እንደማይጨምር በትልቁ ሊጻፍ ይገባል፤ ወንድሜ ቀድሞ ባይጠይቅ ኖሮ ሒሳቡ ሲመጣ እንደነግጥ ነበር።

ለምትሄዱ፦ ሙሉውን ተከታታይ ምሳ ትታችሁ ሾርባውን፣ ቴምፑራውንና የተጠበሰውን ቆሮሶ ለየብቻ እዘዙ፤ ከግማሽ በጥቂት በሚበልጥ ዋጋ የቤቱን ምርጥ ነገር ሁሉ ትበላላችሁ። ሳልመኑ እስኪስተካከል ድረስ ይለፋችሁ። ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ ስለ ጾም፣ ስለ ዘይቱና የማትበሉት ነገር ካለ ስለዚያ ንገሯቸው፤ በደንብ ያዳምጣሉ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ በስተግራ ያለውን፣ ከማቀዝቀዣው ንፋስ ራቅ ያለውን ጠረጴዛ ጠይቁ። እናቴ ለመስከረም የጾሙን ሾርባ ልትቀምስ እንደምትመለስ ለአስተናጋጇ ቃል ገብታላታለች፤ ሳልመኑን ግን አባቴ አንድ ጊዜ እንዲበቃው ወስኗል።