የኪሮሽ ምህፃረ ቃላትና የስፌት ካርዶች፦ በግራኝ እጅ ሲፈተኑ

ኪሮሽ እየሠራ የእንግሊዝኛ ንድፍ ሲከፍት በምህፃረ ቃላቱ ለሚደናገር ሁሉ እነዚህን ካርዶች ሳላመነታ እመክራለሁ። ግራኝ ለሆናችሁ ግን የምለው ተጨማሪ ነገር አለኝ። እኔም በግራ እጄ ነው የምሠራው፤ አንዳንዶቹ ካርዶች እኛን ጨርሶ አላሰቡንም።

ካርዶቹ የመዳፍ ስፋት አላቸው። ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተሸፍነው ጥጋቸው ላይ በብረት ቀለበት ታስረዋል። በፊታቸው ምህፃረ ቃሉና በቻርት ላይ የሚወክለው ምልክት አለ፤ ጀርባቸው አሠራሩን በሥዕል ያሳያል። ቀለበቱ ስለሚከፈት ለያዝኩት ሥራ የሚያስፈልጉኝን ብቻ አውጥቼ ከክሩ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ እከታቸዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የአሜሪካንና የእንግሊዝን አጠራር በሁለት ቀለም መለየታቸውን ነው። ይህን ያልለየ ሰው ንድፉን ቃል በቃል ተከትሎም ሌላ ነገር ሠርቶ ይነሳል። አሜሪካኖች ኤስሲ (ሲንግል ክሮሼ) የሚሉትን አጭሩን ስፌት እንግሊዞች ዲሲ (ደብል ክሮሼ) ይሉታል፤ የአሜሪካኖቹ ዲሲ፣ ረዘም ያለው ስፌት፣ ደግሞ እንግሊዞች ዘንድ ቲአር (ትሬብል) ነው። ሁሉም በአንድ ደረጃ የተንሸራተተ ነው። በእንግሊዝ አጠራር የተጻፈ የአሻንጉሊት ንድፍ ይዞ ዲሲውን እንደ አሜሪካኖቹ የሠራ ሰው ስፌቱ ይረዝምበታል፣ በመሃሉ ክፍተት ይፈጠራል፣ የሞላው ጥጥም በቀዳዳው ይታያል። ካርዱ ከሥር በትንሽ ጽሑፍ መለያውን አስቀምጦታል፦ ንድፉ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ ኤስሲ ካያችሁ ንድፉ የአሜሪካ ነው፤ በእንግሊዝ አጠራር ኤስሲ የሚባል ስፌት የለምና። ስፌት ዝለሉ ለማለት አሜሪካኖች ስኪፕ፣ እንግሊዞች ሚስ ይላሉ። የጥብቀት መለኪያውንም አሜሪካኖች ጌጅ፣ እንግሊዞች ቴንሽን ይሉታል። እኔ አሁን አዲስ ንድፍ ሳገኝ ክር ከመምረጤ በፊት እነዚህን ቃላት ነው የምፈልገው።

ቀጥሎ የማደንቀው ስለ ቁጥር አቀማመጥ የተሠራውን ካርድ ነው (ከዚህ በኋላ የስፌት ስሞቹን በአሜሪካ አጠራር ነው የምጠቅሰው)። «5 ዲሲ በሚቀጥለው ስፌት» እና «ዲሲ በሚቀጥሉት 5 ስፌቶች» ሲነበቡ መንታ ይመስላሉ። በመጀመሪያው አምስቱም አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ፤ ረድፉም በአራት ስፌት ይሰፋል። በሁለተኛው እያንዳንዱ ስፌት የየራሱን ቀዳዳ ይይዛል፤ ብዛቱ አይለወጥም። ካርዱ ሁለቱን ጎን ለጎን ሥሎ መንጠቆው የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በቀይ ነጥብ ምልክት አድርጎበታል፤ በአንዱ ሥዕል አንድ ነጥብ፣ በሌላው አምስት። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የሚደገመውን ክፍል የሚያሳየው የኮከብ ምልክት (*) ካርድ ግን ተቻኩሎ የተዘጋጀ ነው። ከኮከቡ ጀምሮ ያለው ይደገማል ይልና ያበቃል። ዋናው ጥያቄ ስንት ጊዜ የሚለው ነው። ንድፉ «ከኮከቡ ጀምሮ ሌላ 3 ጊዜ ድገም» ካለ የመጀመሪያው ስለሚቆጠር በጠቅላላው አራት ይሆናል። ይህች አንዲት መስመር ብትጨመር ብዙ ሰው ረድፍ ከመፍታት ይድን ነበር።

የመዞሪያ ሰንሰለቱ፣ ማለትም አዲስ ረድፍ ሲጀመር ለቁመት የሚሠራው ሰንሰለት፣ ሰንጠረዥ ደህና ነው፦ በአሜሪካ አጠራር ለኤስሲ 1፣ ለኤችዲሲ (ሃፍ ደብል ክሮሼ፣ በኤስሲና በዲሲ መካከል ያለው) 2፣ ለዲሲ 3፣ ለቲአር 4። የዲሲው ሦስት ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ እንደ መጀመሪያ ስፌት እንደሚቆጠር፣ የኤስሲው አንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደማይቆጠርም ጽፎታል። ጠርዛችሁ ረድፍ በረድፍ እየጠበበ ወይም እየሰፋ ከሄደ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ይህን ካርድ ነው።

ወደ አስቸጋሪዎቹ ስፌቶች ስንመጣ ኤፍፒዲሲና ቢፒዲሲ (በሌላ ስፌት ግንድ ዙሪያ ከፊት ወይም ከኋላ የሚሠሩ ዲሲዎች) የተባሉት ሁለቱ ካርዶች ብቻቸውን የከፈልኩበትን ያህል ዋጋ አላቸው። ብዙ መመሪያ «በግንዱ ዙሪያ ሥሩ» ብሎ ያልፋል፤ ጀማሪ ደግሞ ግንዱ የቱ እንደሆነ አያውቅም። እዚህ ግን የስፌቱ ራስና ግንድ (ከራሱ በታች ያለው ቋሚ ክፍል) በተለያየ ቀለም ተሥለዋል። ክሩን አንዴ መንጠቆው ላይ ትጠመጥማላችሁ፤ መንጠቆው ከግንዱ ጎን ከፊት ይገባል፣ ከኋላው ያልፍና በሌላው ጎኑ ወደ ፊት ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ግንዱ በመንጠቆው ላይ እንደተጋደመ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የቀረው እንደ ተራ ዲሲ ነው። ቢፒዲሲው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ከኋላ ገብቶ በፊት ዞሮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለቱን ስታፈራርቁ የሹራብ እጅጌ ጫፍ ላይ የምናውቀው ዓይነት ሸንተረር ይወጣል። አቅጣጫው ሁሉ «ከፊት» እና «ከኋላ» ተብሎ ስለተጻፈ በግራ እጄ ስሠራው አንዲት ቃል መገልበጥ አላስፈለገኝም። ሁሉም ካርድ እንዲህ በተጻፈ!

ቦብል፣ ፖፕኮርንና ፓፍ ተከታትለው መቀመጣቸውም ታስቦበት ነው፤ ሦስቱም እብጥ ያሉ ስለሆኑ ሰው ያምታታቸዋል። ለቦብል ካርዱ አምስት ዲሲ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ያስጀምራችኋል፤ የእያንዳንዱን የመጨረሻ እርምጃ ትተዋላችሁ። መንጠቆው ላይ ስድስት የክር ቀለበት ሲቀር በአንድ ጊዜ ትጎትቱባቸዋላችሁ። ፖፕኮርን ላይ አምስቱም ዲሲ ይጠናቀቃሉ፤ ከዚያ መንጠቆውን ከቀለበቱ አውጥታችሁ በመጀመሪያው ዲሲ ራስ ላይ ከፊት ታስገቡና የተተወውን ቀለበት ስባችሁ ታሳልፋላችሁ። ፓፍ ለስላሳው ነው፦ መጠምጠም፣ ማስገባት፣ ረዘም አድርጎ መሳብ፤ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ሰባት ቀለበት መንጠቆው ላይ ይሰለፋል፣ ሁሉም በአንዴ ይዘጋል። ቦብሉ ካርድ ላይ ያገኘሁት ምርጥ ምክር እብጠቱ ወደ ኋላ ስለሚወጣ በጨርቁ ጀርባ በኩል ባለው ረድፍ እንዲሠራ፣ ግራና ቀኙንም አጫጭር ኤስሲ እንዲያጅቡት የሚለው ነው። አጭሮቹ ስለሚጨቁኑት በደንብ ይነፋል።

ሁለት ስፌትን አንድ የሚያደርገው የማይታየው መቀነሻም ጥሩ ካርድ አለው። የሁለቱን ተከታታይ ስፌቶች የፊት ቀለበት ብቻ ይዞ፣ ጠምጥሞ በሁለቱ መጎተት፣ ከዚያ እንደ ኤስሲ መጨረስ። አሻንጉሊት የምትሠሩ ከሆነ በተራው መቀነሻ የሚፈጠረውን ጉብታና ቀዳዳ ያስቀርላችኋል።

አሁን ቅሬታዬ። የክራብ ስፌት ካርድ «ከግራ ወደ ቀኝ ሥሩ» ይላል። ለቀኝ እጅ ሰው ይህ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ገመድ የመሰለውን ጠርዝ የሚያወጣውም ይኸው ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ግራኝ ግን ሁልጊዜም የሚሠራው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ ቃሉን እንዳለ ከተከተለ ተራ ኤስሲ ነው የሚያገኘው። ለእኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። «ከተለመደው አቅጣጫችሁ በተቃራኒ» ተብሎ ቢጻፍ ለሁሉም ይሆን ነበር። ሥዕሎቹም በሙሉ የቀኝ እጅ ናቸው። እኔ ካርዱን በስልክ ፎቶ አነሳና ፎቶውን አግድም እገለብጠዋለሁ፤ ፊደሎቹ ቢዞሩም እጁ የእኔ እጅ ይሆናል። አዘጋጆቹ ለግራኝ የተገለበጠ ጥቅል ቢያወጡ ዛሬውኑ እገዛለሁ።

ክላስተር (ብዙ ስፌቶች ራሳቸው ላይ አንድ ላይ የሚዘጉበት) የሚለው ካርድ አንድ አሠራር ብቻ ማሳየቱም ትክክል አይደለም። አንዳንድ ንድፍ በአንድ ቀዳዳ፣ ሌላው በተለያዩ ስፌቶች ላይ ያሠራዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የንድፉን የራሱን ማብራሪያ ማየት ያስፈልጋል። የቡሊየን ስፌት (መንጠቆው ላይ ብዙ ጊዜ ተጠምጥሞ በአንዴ የሚጎተት) ካርድም አሥር ጊዜ ጠምጥሙ ብሎ ይተዋችኋል። ጥምጥሙን ላላ አድርጉት፤ አንገቱ ቀስ እያለ የሚቀጥን መንጠቆ ካላችሁ በእሱ ሥሩት፤ ስትጎትቱም ጥምጥሙን በሌላው እጃችሁ ጣቶች ያዝ አድርጉ። አንገቱ ላይ ድንገት የሚሰረጎድ መንጠቆ ጥምጥሙ ላይ እየተያዘ ያስቸግራል።

ቻርት አይቶ በቀጥታ ለሚሠራና ፖስት ስፌትን (በግንድ ዙሪያ የሚሠራውን) ለለመደ ሰው እዚህ ውስጥ አዲስ ነገር ብዙ የለም። ሰንሰለትና ኤስሲ ችሎ ከዚያ በላይ ያለው ንድፍ ላስፈራው ግን የሚገዛው ይህንን ነው። ግራኝ ከሆነም ይግዛው፤ የክራቡን ካርድ በእስክሪብቶ ያርመው።