ከየካቲት እስከ ኅዳር የምጠብቃቸው ጌሞች

ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ሐሙስ ይውላል። ሮክስታር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ግራንድ ቴፍት አውቶ 6ን፣ ሁላችንም በአጭሩ ጂቲኤ የምንለውን ጌም፣ ለገበያ አቀርብበታለሁ ብሎ የቆረጠው ቀን ነው። ቀጠሮው ግን የመጀመሪያው አይደለም። ጌሙ በፈረንጆቹ 2025 መፀው ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ወደ ግንቦት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ተገፋ፤ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ እንደገና ወደ ኅዳር ተላለፈ። አምስተኛው ጂቲኤ የወጣው መስከረም 2006 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ያኔ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ስድስተኛውን የሚጫወተው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። ስለ መጪው ዓመት ጌሞች ሲወራ ሰው ሁሉ ከዚህ ጌም ስለሚጀምር እኔም ከእሱ ጀመርኩ፤ በእኔ ዝርዝር አናት ላይ ያለው ግን ሌላ ነው።

ናፍቆቱ ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። ቫይስ ሲቲ የተባለውን የድሮውን ጂቲኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወትኩት በሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሳንቲም አዋጥተን አንድ ወንበር ላይ ለሁለት እንቀመጥና እሱ ኪቦርዱን ይዞ ሲነዳ እኔ ማውሱን ይዤ እተኩስ ነበር። ሰዓታችን ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሚሽኑን ትተን መኪናዋን በባሕሩ ዳርቻ ዝም ብለን እንነዳታለን፤ የዘንባባዎቹ ጥላና የማታው ወይን ጠጅ ሰማይ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አሉ። አዲሱ ጌም ወደዚያችው ከተማ ይመልሰናል። ቫይስ ሲቲ አሁን የምትገኘው ሊዮናይዳ በምትባል፣ ፍሎሪዳን አስመስለው በሠሯት ሰፊ ግዛት ውስጥ ነው፤ ረግረጉ፣ አዞውና ትንንሾቹ ደሴቶች ሁሉ ተጨምረዋል። ታሪኩ ከወኅኒ የወጣችውን ሉሲያንና በአንድ ወቅት ወታደር የነበረውን ጄሰንን፣ ቀላል ይሆናል ብለው የገቡበት ዘረፋ የተበላሸባቸውን ሁለት ፍቅረኛሞች ይከተላል።

ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የወጣውን ሁለተኛውን ማስተዋወቂያ ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ኩባንያው ቪዲዮው በሙሉ ከፕሌይስቴሽን 5 ላይ የተቀረጸ መሆኑን፣ እኩሌታው ከጨዋታው እኩሌታው ከታሪኩ ትዕይንቶች የተወሰደ መሆኑን ተናግሯል። በጠርሙስ ውስጥ ባለው ቢራ ሽቅብ የሚወጡት አረፋዎች ሳይቀሩ አንድ በአንድ ይታያሉ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ ካየሁ በኋላም ጆይስቲኩን ስጨብጥ እጄ ምን እንደሚሠራ፣ መኪናው ሲታጠፍ ክብደቱ እንዴት እንደሚሰማ፣ ፖሊስ ሲከተለኝ ምን አማራጭ እንዳለኝ ቪዲዮው አላሳየኝም። ለእኔ አንድ ጌም የሚጠበቅ የሚሆነው ምን እንደምሠራበት ሳውቅ ነው።

ይህን መለኪያ የያዝኩት ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተዋወቂያው ብቻ የወደድኩትን አንድ ትልቅ ጌም ከመውጣቱ ከወራት በፊት ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ ያዝኩት። የወጣ ዕለት ገጸ ባሕርያቱ በግድግዳ ውስጥ ያልፉ ነበር፤ የደረስኩበትን ያስቀመጥኩበት ሴቭ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ፤ በስተመጨረሻም ማስተካከያው እስኪመጣ ለግማሽ ዓመት ያህል ሳልከፍተው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ኩባንያ ቅድሚያ ከፍዬ አላውቅም፤ ሌላውንም ሰው እንዳይከፍል እመክራለሁ።

ምክሩ ለእኛ ከሌላው ይልቅ የሚያስፈልገው ስለ ዋጋው ነው። አንድ ትልቅ አዲስ ጌም ዛሬ በአማካይ 70 የአሜሪካ ዶላር ይጠየቅበታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበረ ይህ ከ4,000 ብር አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ በባንክ ምንዛሪ እንኳ ከ10,000 ብር በላይ ነው። የፕሌይስቴሽን መደብር ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ተርታ ስላላስገባት አካውንታችንን የምንከፍተው በአሜሪካ ወይም በኤምሬትስ ስም ነው፤ ገንዘቡንም የምንሞላው ውጭ ያለ ዘመድ በሚልክልን ወይም እዚህ ሻጮች ትርፋቸውን ጨምረው በሚሸጡልን የስጦታ ካርድ ነው። ከዚያ ማውረድ አለ። መቶ ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ንጋት ላይ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሰማ ያየው ያውቀዋል። ስለዚህ እዚህ አገር ሆኖ ጌም የሚመርጥ ሰው በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ብቻ ነው የሚገዛው፤ ምርጫውም በጥንቃቄ መሆን አለበት።

ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ አንዱ ያለ ጥርጥር ሬዚደንት ኢቭል ሬክዊየም ነው። የጃፓኑ ካፕኮም ዓርብ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ለፕሌይስቴሽን 5፣ ለኤክስቦክስ፣ ለኮምፒውተርና ለኒንቴንዶ ስዊች 2 ያወጣዋል። የመጀመሪያው ሬዚደንት ኢቭል የወጣው በፈረንጆቹ 1996 በመሆኑ ዘንድሮ ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል። ይህኛው ጌም ታሪኩን ሁሉ ወደጀመረችውና ኋላም በሚሳኤል ወደጠፋችው ወደ ራኩን ሲቲ ይመለሳል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ግሬስ አሽክሮፍት የምትባል የኤፍቢአይ መረጃ ተንታኝ ናት፤ ተኳሽ አይደለችም፣ ትፈራለች፣ ፍርሃቷም ከአተነፋፈሷ ይሰማል።

ካፕኮም ካሳየው የጨዋታ ክፍል አንዱን በቅርብ ልግለጸው። ግሬስ የምትነቃው አልጋ ላይ ታስራ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቃ፣ ደሟ በቱቦ እየተቀዳ ነው። ራሷን ፈትታ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ በእጇ ያለው አንድ ላይተር ብቻ ነው። የላይተሩ ብርሃን ከሁለት እርምጃ አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ድፍን ጨለማ ነው፤ ከጨለማው ውስጥ ደግሞ ቁመቷ ጣሪያውን የሚነካ ፍጡር ትመጣለች። መሣሪያ ስለሌላት ማድረግ የምትችለው ጠርሙስ ወርውራ ፍጡሯን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማሳት፣ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ትንፋሿን መዋጥ፣ ወይም ብርሃን ወዳለበት ክፍል መሮጥ ነው፤ ፍጡሯ ብርሃን ትሸሻለችና። መብራት በጠፋበት ቤት በስልክ ባትሪ ግድግዳ እየዳበሰ የሄደ ሰው ይህ ፍርሃት አይጠፋውም። ተጫዋቹ በግሬስ ዓይን ማየት ወይም ከጀርባዋ ሆኖ መከተል፣ ሁለቱንም በፈለገ ጊዜ መቀያየር ይችላል። ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ውስጥ ደግሞ ከቀደሙት ጌሞች የምናውቀው ሊዮን ኬኔዲ ተጫዋቹ የሚመራው ሁለተኛው ገጸ ባሕርይ መሆኑ ተገለጸ፤ በእሱ ክፍል ፍርሃቱ ወደ ውጊያ ይለወጣል። እኔ ሊዮንን ብወደውም የግሬስ ክፍል እንዲረዝም ነው ምኞቴ። ይህ ጌም ምን እንደምሠራበት አሳይቶኛል፤ ስለዚህ አምነዋለሁ።

ከየካቲት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውስጥ ሌሎችም አሉ። ግንቦት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚወጣው 007 ፈርስት ላይት የሂትማን ጌሞችን ከሠራው ከዴንማርኩ አይኦ ኢንተራክቲቭ ነው፤ የእንግሊዙን ሰላይ ጄምስ ቦንድን ገና የ26 ዓመት ወጣት ሆኖ፣ 007 የሚለውን ቁጥሩን ከማግኘቱ በፊት ያሳየናል። ሂትማንን የተጫወተ ሰው እነዚህ ሰዎች አንድ ግብዣ ቤት ለመግባት አሥር የተለያየ በር እንዴት እንደሚያዘጋጁ ያውቃል፤ በቦንድም ያንን ነጻነት ከጠበቁት በጣም ጥሩ ነገር ይወጣዋል። ከታዩት ቪዲዮዎች ግን ተኩሱና የመኪናው ውድድር የበዛ መሰለኝ፤ ይህ ጥቂት ያሳስበኛል። ኢንሶምኒያክ የተባለው ስቱዲዮ ለፕሌይስቴሽን 5 የሚሠራው፣ ከማርቭል ጀግኖች አንዱ የሆነው የዎልቨሪን ጌም በፈረንጆቹ 2026 መፀው ይመጣል፤ በጣም ደም የበዛበት ስለሆነ ልጆች ባሉበት ቤት የሚከፈት አይደለም።

ከቻይናው ኤስ-ጌም የሚመጣው ፋንተም ብሌድ ዜሮ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም። የሚወጣው ጳጉሜን 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በመሆኑ አዲሱን ዓመት እሱን እየተጫወትን እንቀበላለን። ሶል የሚባለው ተዋጊ ከቆሰለ በኋላ በሕይወት የሚቆየው 66 ቀን ብቻ ነው፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ያልሠራውን ወንጀል ማን እንደለጠፈበት ይፈልጋል። ውጊያው በልጅነታችን በቪዲዮ ቤት ያየናቸውን የኩንግፉ ፊልሞች ፍጥነት በእጃችን ላይ ያመጣዋል፦ ሰይፍ በሰይፍ ሲጋጭ ድምፁ፣ ተቃዋሚው ሚዛኑን ሲስት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚልበት ቅጽበት፣ ሁሉም በትክክል ታስቦበታል። አዘጋጆቹ ያለ ምንም ቆርጦ መቀጠል ረጅም ውጊያ አሳይተዋል፤ በእኔ መለኪያ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በዝርዝሬ አናት ላይ ያለው ጌም ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ገንዘብና ያነሰ ሰው የተሠራበት፣ ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ሪሉትድ ነው። የሠራው ጆሃንስበርግ ያለው ንያማኮፕ የተባለ ስቱዲዮ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ሴምብላንስ የሚባል ጌም አውጥተው ነበር፤ ተጫውቼዋለሁ። በዚያ ጌም ውስጥ መሬቱ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው፤ ለመዝለል የከፋውን ቦታ ራስህ ገፍተህ ጉብታ ወይም ጎድጓዳ ታደርገዋለህ። እንዲህ ያለ አንድ ንጹሕ ሐሳብ ይዞ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ቡድን ሁለተኛውን ጌሙን ሲያመጣ እጠብቃለሁ።

የሪሉትድ ሐሳብ ከፊተኛው ይከብዳል። ዘመኑ የዚህ የእኛ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። የምዕራብ አገሮች የአፍሪካን ቅርሶች ለመመለስ ውል ፈርመዋል፤ በኋላ ግን ውሉ ተሻሽሎ ለሕዝብ እይታ የቀረቡትን ብቻ እንዲመለከት ተደረገ፤ ሙዚየሞቹም ቅርሶቹን ከመስታወት ሣጥን እያወጡ መጋዘን ውስጥ ቆለፉባቸው። ኖማሊ የምትባል ወጣት ከአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች የተሰባሰቡ ጓደኞቿን ይዛ እየገባች ታወጣቸዋለች። በጌሙ ውስጥ ያሉት 70 ቅርሶች በሙሉ በእውኑ ዓለም ያሉ፣ በእርግጥም ከአፍሪካ የተወሰዱ ናቸው። አጨዋወቱም ልብ ይስባል። መጀመሪያ ሕንፃውን ጸጥ ብለህ ትዞራለህ፤ የትኛው በር ሲዘጋ የትኛው መስኮት እንደሚቀር፣ የቱ ጓደኛህ የት ቢቆም እንደሚረዳህ ታቅዳለህ። ቅርሱን ባነሣህበት ቅጽበት ደወሉ ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ ያለህ ቀድመህ ያዘጋጀኸው መንገድና ሩጫ ብቻ ነው። ግድያ የለበትም። ዕቅድህ ጥሩ ከሆነ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየዘለልክ ሳትቆም ትወጣለህ፤ ካልሆነ የረሳኸው በር ፊት ለፊትህ ይዘጋል።

ይህን የጌም ታሪክ የሰማ ኢትዮጵያዊ መቅደላን ማሰቡ አይቀርም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፋቸው መካከል 11 ታቦታት ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ አሉ፤ ለሕዝብ እይታም አይቀርቡም። የጌሙ ደራሲዎች እንደ ወደፊት ልብወለድ የጻፉት የተቆለፈ መጋዘን ለእኛ የቆየ እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2002 ከኤድንበራ አንድ ታቦት ሲመለስ አዲስ አበባ እንዴት ግልብጥ ብላ ወጥታ እንደተቀበለችው የሚያስታውስ ሰው፣ አንድን ዕቃ ከመጋዘን አውጥቶ ወደ አገሩ ማድረስ በጌም ውስጥም ቢሆን ምን ያህል ስሜት እንደሚሰጥ ይገባዋል። በአገራችን ቅኔ የተባለው ድርጅት ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ ሠርቶ እንዳሳየው፣ ከራሳችን ነገር ተነሥቶ ጌም መሥራት ይቻላል፤ ሪሉትድ ደግሞ ይህ በኮምፒውተርና በኤክስቦክስ ደረጃ፣ በትልቁ ገበያ ፊት ሲሆን ምን እንደሚመስል ያሳየናል።

አንድ ሥጋት አለኝ። ሰባ ቅርስ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ሙዚየም የራሱ የሆነ እንቆቅልሽ ከሌለው ዕቅዱ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሊደጋገም ይችላል። ሴምብላንስ አጭር ስለነበረ ይህ ችግር አልገጠመውም።

ሪሉትድ የሚወጣው ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዕለት እገዛዋለሁ፤ ኮንሶልም አያስፈልገኝም፣ ላፕቶፔ ይበቃል። ሬክዊየምን ከወጣ በኋላ አንድ ሳምንት ጠብቄ እገዛለሁ። ፋንተም ብሌድ ዜሮን ለእንቁጣጣሽ ለራሴ አስቀምጫለሁ። ጂቲኤ 6 ለጊዜው የተነገረው ለፕሌይስቴሽን 5ና ለኤክስቦክስ ብቻ ነው፤ አምስተኛው ለኮምፒውተር የደረሰው ከመጀመሪያው መውጫው ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይቶ ስለነበረ፣ ኅዳር ላይ ጌም ቤት ሄጄ በሰዓት ከፍዬ ልሞክረው ነው ያሰብኩት። ያ አብሮኝ ኪቦርድ ይዞ ይነዳ የነበረው ጓደኛዬ አሁን ዱባይ ነው፤ ለበዓል እመጣለሁ ብሎኛል፣ እንደ ድሮው ለሁለት አንድ ወንበር ይበቃናል።